ሳልደውል የሄድኩበት ቀን

ሰኞ ማታ

ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶ የታችኛውን ወረዳ ምዘና ለእኔ ሰጠኝ። ተወልጄ ያደግኩበት መሆኑን ያውቃል። ታናሽ ወንድሜ የሥራ አጦቹ ማኅበር ሰብሳቢ መሆኑንም ያውቃል። ቢሆንም እንደገና ነገርኩት፤ በኋላ ደብቃ ነበር እንዳልባል። ሌላ ሰው ቢላክ አይሻልም ወይ ስለው ወንበሩን አሽከርክሮ ሳቀ። «በዚህ ቢሮ አንቺን የሚጠረጥር ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

የለም። ይኼን እንኳ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። «ሚዛኗ» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት ሲሉኝ ለማሞገስ ነው፤ ከጀርባዬ በምን ድምፅ እንደሚሉት አላውቅም።

ነገሩን ለራሴ ልጻፈው። መንግሥት ለአንድ ማዕከል የሚሆን የብረትና የእንጨት ሥራ ማሽን ገዝቷል። የሚፈልጉት ሁለት ወረዳዎች ናቸው፣ ላይኛውና ታችኛው። ሄደን የየወረዳውን ሼድ እናያለን፦ ጣሪያውን፣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ የተደራጁትን ልጆች። ብልጫ ያገኘው ማሽኖቹን ይወስዳል፣ ሥራውም ከማሽኖቹ ጋር ይሄዳል። ሌላው ለሚቀጥለው በጀት ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው በጀት ካለ። ላይኛው የዱቄት ፋብሪካውንም፣ የንጣፍ ማምረቻውንም ቀድሞ ወስዷል። ታችኛው እስከ ዛሬ ከመንግሥት ያገኘው ነገር ቢኖር አጥኚ ቡድን ነው።

በዚህ ዙር ይደርሳቸዋል ብዬ አስባለሁ። በሥራቸው ነው የሚደርሳቸው፣ በእኔ አይደለም።


ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ወንድሜ ደወለ። መቼ ነው የምትመጡት አለኝ። ስንመጣ ታዩናላችሁ አልኩት። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ እትዬ፣ ሌላ አልልሽም አለ። አልነገርኩትም። ሳቅ ብሎ እሺ በቃ አለና ስለ እማዬ ጉልበት አወራን።

ስልኩን ስዘጋ በራሴ ደስ አለኝ።

ቀብራራው የምንለው ባልደረባችን ዛሬ ላይኛውን ሊመዝን ወጥቷል። ሸሚዙን ተኩሶ የማይጠግብ ጎረምሳ ነው። ማክሰኞ ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ ላይ ሲጮህ ነበር። ረቡዕ አይመቸንም አሉት መሰለኝ፤ «እሺ እሺ፣ እናንተ እንዳላችሁ፣ ሐሙስ» ሲል ሰማሁት። መዛኝ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ይደውላል። መመሪያው ደውሉም አትደውሉም አይልም፤ የቢሯችን ልማድ ነው። እኔም ለሌሎቹ ወረዳዎች ሁሉ ስደውል ነው የኖርኩት። ወንድም ያለው ሰው ግን እንዴት ብሎ ይደውላል?


ረቡዕ ማታ፣ ከመንገድ ተመልሼ

ጸጉሬ አቧራ ነው፣ ገና አልታጠብኩም። መጀመሪያ ልጻፈው።

መሄዳችንን ጠዋት ለሾፌሩ ብቻ ነገርኩት። «ፍሬኑ» እንለዋለን፤ ጡረታ የቀረበ፣ በሜዳ መንገድ እንኳ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ሰው ነው። ደወልሽላቸው ወይ አለኝ። አልደወልኩም አልኩት። በመስታወቱ አየት አደረገኝ። እስከምንደርስ ሌላ ቃል አልወጣውም፤ እሱ ደግሞ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

ሼዱን ሳየው ልቤ ሞቀ። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፣ ልጅ ሆነን ድብብቆሽ የምንጫወትበት። አርባ የሚሆኑት ልጆች ግድግዳውን ራሳቸው ለስነውታል፣ ቆርቆሮውን ቀይረውታል። ማሽኖቹ የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በኖራ አስምረዋል፤ መጋዙ እዚህ፣ መበየጃው እዚህ፣ መላጊያው ከመስኮቱ ሥር። መስመሮቹን ላለመርገጥ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄዱት። እኔ ሳላውቅ መጋዙ መሀል ቆሜ ነበር፤ አንዱ ልጅ በአክብሮት ክንዴን ይዞ ወደ ዳር አወጣኝ።

ወንድሜ የታጠበ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ በር ላይ ተቀበለኝ። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፣ አንቱ ብሎ። እትዬ አላለኝም። ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ነው፤ አንጀቴን በላው።

ጣሪያ ሙሉ ነጥብ። ውሃ ሙሉ። አደረጃጀት ሙሉ፤ እንዲያውም እንደነሱ የተደራጀ አላየሁም። ከዚያ ማብሪያውን ተጫንኩት። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩት።

ወንድሜ ጠጋ ብሎ በዝግታ ነገረኝ። ዛሬ ፈረቃችን አይደለም፣ መብራት እዚህ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም፣ ነገ ጠዋት ይበራል፣ እማዬ ጋ እደሪና ነገ እይው አለኝ።

መመሪያው «በጉብኝቱ ዕለት» ነው የሚለው። እማዬ ቤት ባድር ደግሞ የሚወራውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ፦ እናቷ ቤት አድራ ነጥብ ቀየረች። «ኃይል የለም» ብዬ መዘገብኩ። ልጆቹ እያዩኝ ነበር። ሁሉም ዞረው ወንድሜን ብቻ አዩት።

እማዬ መኪናው ድረስ መጣች፣ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ። እየሠራሁ ስጦታ አልቀበልም አልኳት። ለቀልድ ነበር። ግማሹ ለቀልድ ነበር። ፍሬኑ ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ተቀበላትና ጉልበቷን ሳመ። ዳቦው መንገዱን ሙሉ ሸተተኝ፤ ቁረሺ ቢለኝ እቆርስ ነበር፣ አላለኝም።

መመሪያውን ነው የተከተልኩት።


ዓርብ

ሪፖርት ገባ። ላይኛው በመብራት ሙሉ ነጥብ አለው። ታችኛው ዜሮ። በሌላው ሁሉ ታችኛው ይበልጣል ወይም እኩል ነው። መብራት ግን ከባድ ነጥብ ነው።

ራስ ምታት።


እሑድ ማታ

ወንድሜ ደውሎ ብዙ አወራን። አወራን ልበል እንጂ እኔ ነኝ ያወራሁት። ስለ መመሪያው አስረዳሁት፣ ስለ ሐሜት አስረዳሁት፣ ዛሬ ለእኔ ወንድም ከተባለ ነገ ለሌላው የአጎት ልጅ ነው አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። በልጅነቱም እንዲህ ነበር፤ ስትቆጪው ዝም ይልና ትንፋሽሽ ሲያልቅ ይናገራል።

«እትዬ፣ አድዪልን አላልኩሽም» አለኝ። «ለሁሉም እንደምትደውሉት ለእኛም ደውሉልን ነው ያልኩሽ። አንድ ስልክ እኮ ነው።»

የምመልሰው ነበረኝ። ግን እሱ ቀጠለ። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ተሰደው ሊሄዱ ተነስተው እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ከመንገድ የመለሳቸው እሱ ነው። ቢሮው ውስጥ እህቴ አለች፣ አታዳላልንም፣ ግን ያለውን ታያለች፣ ጠብቁ ብሎ ቃል ሰጥቷቸዋል። በእሱ ቃል ነው የተቀመጡት። አሁን ምን ልበላቸው አለኝ።

ይጠብቁ በላቸው አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋው።

እንዲህ ያለ ቃል እንዲሰጥ ማን አለው? እኔ አላልኩትም። ከመሬት ተነስቶ በእኔ ስም ዋስ ሆኖ፣ አሁን ጥፋቱ የእኔ ሊሆን? ደሜ ፈላ። ደግሞ ያለውን አላየሁም ወይ? ጣሪያውን አይቻለሁ፣ ውሃውን አይቻለሁ። የነገውን መብራት የማይ ነቢይ አይደለሁም። ስገላበጥ ቆይቼ ነው የተነሳሁት፤ እንቅልፍ እንደሆነ የለም።


ማክሰኞ

የውሳኔ ስብሰባ ነበር። እንደ ወትሮው ስልኮች ሁሉ በቅርጫት ተሰበሰቡ። ይኼን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ነጥብ ሲነበብ ለየወረዳው በሹክሹክታ የሚያቀብል እንዳይኖር። የእኔን ስልክ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነው የማስቀምጠው።

ላይኛው አሸነፈ። ከታችኛው ወረዳ የመጣው ሽማግሌ ተነስቶ፣ የዱቄት ፋብሪካውም ለላይኛው፣ ንጣፉም ለላይኛው፣ ይኼም ለላይኛው፣ እኛ መቼ ነው ተራችን አለ። አልጮኸም። ኃላፊው አቋርጦ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «አባቴ፣ የመዘነችው እኮ የእናንተው ልጅ ናት» አለው። ሽማግሌው ዞሮ አየኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አሁን ነው የገባው፤ ከአባቴ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም።

እጄን አውጥቼ ስለ ፈረቃው ተናገርኩ። ተናግሬያለሁ፤ ይኼ እንዳይረሳ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ መመሪያው ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። እኔው አነበብኩት።


ሐሙስ

ሻይ ክፍል ልገባ ስል ቀብራራው ለጸሐፊዋ «ሌላ ሰው ቢላክ ኖሮ እኮ እስከ ላይ ድረስ ነበር ቅሬታ የሚጎርፈው፤ እሷ ስትሆን ግን...» ሲል ሰማሁ። ስገባ ሻይ ልቅዳልሽ አለኝ፣ በጣም በትህትና።

ስለ ሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እኛ ቢሮ «እሷ» የምትባል አንድ ሰው ብቻ አይደለችም።


ቅዳሜ

እማዬ ደወለች። ጉልበቷን ጠየቅኳት፣ ደህና ነው አለች። ወንድሜ እህል አልቀምስ ብሏል አለች። ልጆቹ ድሮ ማታ ማታ ሼዱ በር ላይ ተሰብስበው ይሳሳቁ ነበር፤ አሁን ጭጭ ነው። ወንድሜ ሲያልፍ ሰላም አይሉትም። አንዱ ግድግዳችን ላይ በከሰል የሆነ ነገር ጽፎ ነበር፤ እማዬ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤት ጠየቀች፣ ጎረቤት ምንም አይልም ብሎ በውሃ አጠበላት።

ሁለት እንግዳ ሰዎች መጥተዋል አለችኝ። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ይቀመጡና ልጆቹን ይጋብዛሉ። ምንድን ነው የሚያወሩት አልኳት። «እነሱማ አያወሩም፣ ይሰማሉ እንጂ» አለች። «የከፋው ሰው ሲያወራ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ምን ፈልጎ ነው ልጄ?»

ነጋዴዎች ይሆናሉ አልኳት። 


ሰኞ

አንድ ሳምንት ሳልጽፍ አለፈ። ዛሬ ጉድ ፈላ። ማሽኖቹ ደረቅ ወደቡ ገብተዋል። ከወደቡ ወደ ላይኛው የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ በታችኛው መሀል፣ በሼዱ በር ላይ ነው የሚያልፈው። ይኼን እያወቅኩ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ኃላፊው መኪኖቹን አጅቤ እንድሄድ አዘዘኝ። ድንጋይ ቢወረውሩስ አልኩት። አንቺ ፊት ለፊት ከተቀመጥሽ ማን ይወረውራል አለኝ።

እሱ ይኼን ያሰበው ዛሬ ነው፣ ወይስ ያኔ ወንበሩን ሲያሽከረክር? ኤዲያ፣ አጉል ጥርጣሬ ነው። ሥራ ሥራ ነው።

ፍሬኑ ሲሰማ፣ እኔ እንደሆነ በዝግታ ነው የምነዳው፣ ድንጋዩ እስኪሰለቸው ይመታናል አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።


ረቡዕ

ደወልኩለት።

ከምሳ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ የተሰባበሩት ወንበሮች ጋ ቆሜ። ዓርብ እናልፋለን አልኩት። ልጆቹን ከመንገድ አርቅልኝ፣ አንተም አትውጣ፣ ፖሊስ ይኖራል፣ ለእማዬ ስትል አልኩት።  በስንት ሰዓት ነው አለኝ። ከቀትር በኋላ አልኩት።

«ማንም መንገድ ላይ አይወጣም» አለ። «ቃሌ ነው።» ቆይቶ ደግሞ «ደግ አደረግሽ ደወልሽ፣ እትዬ» አለኝ።

በነገር አልነበረም። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከልቡ ነው። ለምን እንባዬ እንደመጣ አልገባኝም። ደህና ነው፣ አሁን ሁሉም ደህና ይሆናል።


ዓርብ፣ ወደቡ አጠገብ ካለው ማረፊያ፣ ሳይነጋ

እንነሳለን። መኪኖቹ ተሸፍነዋል። ፖሊሶቹ እያዛጉ ነው። ፍሬኑ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ ይዞራል፣ ደግሞ ይመታል። እኔ ፊት ነኝ።


ዓርብ ማታ፣ ላይኛው ወረዳ

ማንም አልወጣም።

ከተማው መግቢያ ላይ ፖሊሶቹ መሣሪያቸውን አስተካከሉ። ሱቅ ዝግ። ሻይ ቤቱ ዝግ፣ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። በየበሩ ስንጥቅ የሚያዩን አሮጊቶችና ሕፃናት ብቻ ናቸው። ፉጨት እንኳ የለም። ድንጋይ ቢወረወር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የወረወረው አለ ማለት ነው።

ፍሬኑ ሼዱ ጋ ሲደርስ ማንም ሳያዘው አቆመ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በጠራራ ፀሐይ ውስጡ መብራት በርቷል፣ አምፖሎቹ ሁሉ። ማብሪያውን ከፍተው ነው የሄዱት፤ ፈረቃው ሲመጣ በራሱ በርቷል። ወለሉ ተጠርጓል፣ የኖራው መስመር እንደገና ተቀብቷል። የወንድሜ ካፖርት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ላጠፋው እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩና ተውኩት። ፖሊሱ ቶሎ በይ አለኝ። በጥግ በጥጉ ሄጄ ወጣሁ።

እማዬ በራችን ላይ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሰው እንደሞተባት። ሮጥኩ።

«ሌሊት ወጡ» አለችኝ። «ሁሉም። እሱ ነው ፊት ፊት የሚሄደው።» ወዴት አልኳት። እንግዶቹ ነው የሚያውቁት አለች። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር አለች። ወንድሜ «እህቴ ደውላለች፣ ዓርብ ቤት ዘግታችሁ ተቀመጡ፣ ማንም እንዳይነካቸው» ብሎ በየቤቱ ዞሮ ነግሮ ነው የሄደው። ልጆቹ መኪኖቹ ሲያልፉ ቆመን አናይም ብለውታል። እሱም «ቃሌን በላሁባችሁ፣ ብቻችሁን አልለቃችሁም» ብሎ አብሯቸው ወጣ።

ከዚህ የሚወጡ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የስደተኞቹ በረሃ ነው። ሌላው የታጣቂዎቹ ጫካ ነው። የትኛውን እንደምመኝለት አላውቅም፣ ልጽፈውም አልፈልግም።

ላይኛው ስንደርስ መሽቷል። ሳጥኖቹን ሊያወርዱ ሲሉ የሼዱን ማብሪያ ተጫንኩት። ምንም የለም። ዘበኛው ይቅርታ ጠየቀኝ። «ዛሬ ተራው የታችኞቹ ነው» አለኝ። «መስመሩ አንድ ነው፤ እነሱ ጋ ሲበራ እኛ ጋ ይጠፋል። ነገ ቢመጡ ኖሮ ያዩት ነበር።» ለዚህ ነው ቀብራራው ረቡዕ ያልሄደው። ማሽኖቹን በእጅ ባትሪ አወረዱ።


ማክሰኞ

ኃላፊው ሁሉም ፊት አመሰገነኝ። አንድ ድንጋይ እንኳ አልተወረወረም አለ። ተጨበጨበ። ላይኛው ጋ መብራት በፈረቃ መሆኑን ነገርኩት፣ ብቻችንን ስንሆን። አውቃለሁ አለኝ። ሁለቱም ጋ እኩል ነው፣ ታዲያ ምን እናድርግ፣ አንዱ መውሰድ አለበት አለኝ። ቀጥሎ ስለ ዕድገት አነሳ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። መመሪያውን አንብቢ ያለኝ ያኔም እያወቀ ነው።

የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው።


ቅዳሜ

ዝግ ነው። ጠዋትም፣ ማታም። እማዬ ሰማሽ ወይ ትላለች፤ የሰማሁት የለም እላታለሁ። ዳቦ ጋግሬ ነበር አለችኝ፣ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ባልደውል ኖሮ በየትኛው ቀን እንደምናልፍ አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ብደውል ኖሮ ደግሞ... ተይው።


ሰኞ ማታ

አዲስ ዙር ተጀመረ። ሌላ ማሽን፣ ሌሎች ወረዳዎች። ስብሰባው ረዘመ። ስልኬን እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌሎቹም አስቀመጡ። መሀል ላይ ከቅርጫቱ ውስጥ ንዝረት ተሰማ። ቆመ፣ ደግሞ ተሰማ። ቀብራራው የማነው ብሎ ሊነሳ ሲል ደንብ ደንብ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ሦስተኛ ጊዜ ተሰማ። ነጥቡን ማንበብ ቀጠልኩ።

የእኔ ነበር። ሦስቱም ከአንድ የማላውቀው ቁጥር ነው፣ አጀማመሩ የሀገራችን ያልሆነ።

ኮሪደር ላይ ቆሜ መልሼ ደወልኩ። ጠራ። የማላውቀው ድምፅ አነሳ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር አለ፣ ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል። የወንድሜን ስም ጠራሁ። ደጋግሜ ጠራሁ። ሰውየው ለሌላ ሰው አንድ ነገር ተናገረና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አይጠራም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ደውሎልኝ ነበር፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ ልበላት?

ቅርጫቱን ከስብሰባው ክፍል አውጥቼ ቤት ይዤው መጣሁ። አልጋዬ ሥር አለ። ነገ የት ሄደ ቢሉኝ አላውቅም እላለሁ።